ባለ ጆሮው ጭራቅና ኤክስፐርት ቢራራ

ደባርቅ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ጎን አለው፤ ጠንካራ ጎንና ደካማ ጎን። ግራና ቀኝ ለበሬ የተተወ ነው። ግምገማ በመጣ ቁጥር ባልደረቦቹ ተራ በተራ እየተነሡ ጎኖቹን ያወጡለታል፤ እሱም «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ወጥቶ ሻይ ይጠጣል። ነቅተናል፣ ተደራጅተናል፣ ሻያችንን ጠጥተናል።

ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሚሠራው ቢራራ ጠንካራ ጎኑ «ሰዓት ያከብራል» ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ «ማኅበራዊ ተሳትፎው ዝቅተኛ ነው»። ይህን የፈረዱበት እነማን ናቸው? አንድ ቀን እንኳ ደጁን ረግጠው «እንዴት ዋልክ» ያላሉት ባልደረቦቹ! ሰውየው ማንንም አያማም፤ ስለማያማ የሚጠራው የለም፤ የሚጠራው ስለሌለ ብቻውን ነው፤ ብቻውን ስለሆነም ይገመገማል። ያልገባው ካለ እጁን ያውጣ።

ቢራራ የሞጣ ሰው ነው፤ አርባውን አልፏል። መጀመሪያ ዳባት ተመደበ፤ እዚያ አንዲት አስተማሪ ወዶ ነበር ይባላል፤ «ነገ እነግራታለሁ» ሲል እሷ ጎንደር ተዛውራ ተዳረች። እሱም ወደ ደባርቅ ተዛወረ። እናቱ ካረፉ ወዲህ ሞጣም የሚጠብቀው የለም። ከወይዘሮ ታንጉት ግቢ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ወይዘሮ ታንጉት ክፉ ሴት አይደሉም፤ ውኃ ሲመጣ ግድግዳውን ይደበድቡለታል። ከአከራዩ ጋር ያለው ጨዋታ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ በረዶ ወረደበትና ያገኘው በር ውስጥ ዘው አለ። የላቀው ጌም ቤት ነበር። ላቀው ዱሮ የቱሪስት ምግብ አብሳይ ነበር፤ ስሜን ተራራ ላይ ለፈረንጅ ሾርባ ሲያፈላ ኖሮ፣ ፈረንጁ ሲቀር ድስቱን በፕሌይስቴሽን ለወጠ። ቤቱን የሚሞሉት የሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው። መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ተራ የሚጠብቁት እዚያ ነው፤ ኳስ እየተጫወቱ፣ እየተሰዳደቡ።

ዳር ላይ ግን ማንም የማይነካው አንድ ማሽን ነበር። በውስጡ ያለው የፍርሃት ጨዋታ ነው። አንድ ሰው በረዶ በዘጋው ባዶ ሆቴል ውስጥ ይቀራል፤ በእጁ የምትደክም ባትሪና ጥቂት ጥይት አለች። ሆቴሉ ውስጥ ጭራቅ አለ። ጭራቁ ዐይን የለውም፣ ጆሮ ብቻ ነው። በሄድፎኑ ማይክ የተጫዋቹን የራሱን ድምፅ ይሰማል፤ ሳልክ፣ መጣ። እዚህ አገር ፍርሃት በነፃ እየተገኘ ከውጭ ማስመጣቱ ምን የሚሉት ቅንጦት እንደሆነ ሕዝቡ ይፍረድ።

ላቀው፣ «በረዶው እስኪያባራ ሞክረው» አለና ሄድፎኑን አጠለቀለት። ቢራራ የመጀመሪያው በር ላይ ደረሰ። ከመክፈቱ በፊት ቆም አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ቤቶች!» አለ።

ጭራቁ እየሮጠ መጥቶ በላው።

ክንዴ የሚባለው የጎንደር መስመር ሹፌር ጆይስቲኩን ወርውሮ ተነሣ። «ደጆች!» ብሎ መለሰለት። አግዳሚ ላይ የነበረው ሁሉ በሳቅ ወደቀ።

«ጋሼ፣ የጭራቅ ቤት ነው እኮ! ማን ግባ እንዲልህ ነው?»

«ምናልባት ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።»

«ሰውማ ነበር። ጨረሰው!»

ቢራራም ሳቀ። የሳቀበትን የመጨረሻ ቀን እሱም አያስታውሰውም።

በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። አፉን ለመያዝ ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ፤ ከንፈሩን ነክሶ ይነሣል፣ በሩ ላይ ሲደርስ ያመልጠዋል። ባደገበት ቀዬ ሳይጣራ የሚገባ ሌባና ጥጃ ብቻ ነው። ሆቴሉ ደግሞ በር በበር ነው። እሱ «ቤቶች!» ሲል ሹፌሩ ሁሉ ኳሱን አቁሞ በአንድ ድምፅ «ደጆች!» ይላል፤ ጭራቁ ይመጣል፤ ቢራራ ይበላል፤ ሻይ ይታዘዛል። ስሙንም አወጡለት፤ ኤክስፐርት። ሰውየው ሲጣራ የሚመልስለት አገኘ። እዚያ ቤት የሚሄደው ለዚያ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ታዲያ መሥሪያ ቤት ያስያዘው አመል አይለቅምና፣ ቢራራ የቢሮውን ግምገማ አውርቶላቸው ኖሮ፣ አንድ ከሰዓት ክንዴ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ስብሰባ ከፈተ።

«ጓዶች፣ ዛሬ የምንገመግመው ጌሙን ነው። ኤክስፐርት፣ ጠንካራ ጎኑን አቅርብ።»

ቢራራ ቢሮ እንደለመደው እጁን አጣምሮ ቆመ። «ጠንካራ ጎኑ፣ ጥይት ቆጣቢ ነው። የሚሰጥህ ጥይት ስለማይበቃህ መተኮሱን ትተህ ማሰብ ትጀምራለህ። ጭራቁንም ብዙ አያሳይህም፤ ኮቴውን ያሰማህና የቀረውን ላንተው ይተውልሃል። የፈራ ሰው ደግሞ ጎበዝ ሠዓሊ ነው።»

«ተመዝግቧል! ደካማ ጎን?»

«ወሬውን ሁሉ የሚነግርህ ወለል ላይ በወደቀ ደብዳቤ ነው። ጭራቅ እያባረረው ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ?»

«የናንተ ቢሮ አለ!» አለ ላቀው ከጀርባ።

«ሁለተኛ፣ መሐሉ ላይ አቅም ያንሰዋል፤ ያንኑ ኮሪደር አዙሮ አዙሮ ያመጣብሃል። ሌላው...» ቢራራ አንገቱን ደፋ። «ይህ ሁሉ ሰው ሞቶ አንድ የሚያለቅስ የለም። ሬሳ ተሻግረህ ባትሪ ትለቅማለህ።»

ክንዴ ጨዋታውን መለሰው። «ለቅሶ ቤት ቢኖርማ ጭራቁ ድንኳን ገብቶ ንፍሮውንም ይጨርሰው ነበር!»

እንዲህ ሲል ሰነበተ። አንድ ቅዳሜ ቢራራ ገና ከመቀመጡ ላቀው አጠገቡ መጣ።

«ይሄን ነገር ዛሬ ላጠፋው ነው። አዲሱ የኳስ ጌም መጥቷል፣ የማሽኑ ሜሞሪ ሞልቷል። ካንተ በቀር የሚነካው የለም።»

«ሳልጨርሰው?»

«ትጨርሰዋለህ። ማይኩ እኮ ይዘጋል። ልዝጋልህና እንደፈለግህ እየጮህክ እለፍ።»

«ይዘጋል? ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

ላቀው በአገጩ ወደ አግዳሚው አመለከተ። «ያንን ሁሉ ሰው ማን ያመጣልኝ ነበር?»

የሠራውን እንዲህ በግልጽ የሚናገር ነጋዴ ብርቅ ነው፤ ይመስገን።

ማይኩ ተዘጋ። ቢራራ «ቤቶች!» አለ። ሹፌሮቹ «ደጆች!» አሉ። ጭራቁ ግን አጠገቡ እያሽተተ አለፈ፤ ጆሮው ደንቁሯል። የሚበላ ሲጠፋ ሳቁም ቀዘቀዘ። በዚህ መሐል ከውጭ አንድ ረዳት በሩን በርግዶ ገባ።

«መንገድ ተከፈተ! ተራ ያዙ!»

ጆይስቲኮቹ እንደ ትኩስ ድንች ተጣሉ። ክንዴ ጃኬቱን እያጠለቀ፣ «ኤክስፐርት፣ በርታ! መጨረሻውን ስመጣ ትነግረኛለህ» አለና ወጣ። መቼ እንደሚመጣ አልተናገረም፤ ቢራራም አልጠየቀውም። «ዳባት! አምባ ጊዮርጊስ! ጎንደር!» የሚለው ጩኸት ለጥቂት ጊዜ ሰፈሩን ሞላው። ከዚያ ሞተሮቹ ተከታትለው ቁልቁል ወረዱ። አግዳሚው ላይ በጅምር የቀረ ሻይ ብቻ ተደርድሯል።

ቢራራ ኮሪደሩን ተሻገረ፣ ደረጃውን ወጣ። «ቤቶች!» ማለቱን አልተወም፤ ድምፁ ግን እየቀነሰ ሄደ። የሚነካው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ትልቅ በር ፊት ቆመ።

«እሱ ነው» አለ ላቀው። «ግፋው፣ አለቀ።»

«ማይኩን ክፈትልኝ።»

«አብደሃል? ጭራቁ ኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ይበላሃል! ዳግመኛ የምትጀምርበት ዕድል የለህም፣ ላጠፋው ነው።»

«ላቀው፣ ክፈትልኝ።»

ላቀው ከፈተለት። ቢራራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤቶች!»

አንዱን ጆሮ ከሄድፎኑ አውጥቶ አዳመጠ። ላቀው ብርጭቆ እየሰበሰበ ነበር፤ መልስ የሚጠበቀው ከእሱ እንደሆነ አልመሰለውም። ከኮሪደሩ ጫፍ ኮቴ ተሰማ። ቢራራ መሮጫ ነበረው፣ ጥይትም ቀርቶት ነበር፤ ቆሞ ጠበቀው። ስክሪኑ ቀላ።

«አላልኩህም?» አለ ላቀው።

«ሲጠሩት ይመጣል» አለ ቢራራ ሄድፎኑን እያወለቀ። «ጠንካራ ጎኑ ውስጥ ሳላስገባው ቀርቻለሁ።»

ላቀው ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫነ። ሆቴሉ ጠፋ፤ በቦታው አረንጓዴ ሜዳ መጣ። ሰው ሆኖ አዘነና ጆይስቲኩን አቀበለው።

«ኳስ ልክፈትልህ?»

ቢራራ ወደ አግዳሚው ዞሮ አየ።

«ከማን ጋር?»