ጋራው ላይ ታየ የተባለው መብራት

ልጆቹ ንገሪን ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። የልጄ ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲንጫጩ መጣሁባቸውና ምን ተገኘ አልኳቸው። ሩቅ አገር፣ ሁለት መንግሥታት የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው የሚባባሉበት ተራራ አለ አሉኝ። ተራራውን የሚጠብቁት ወታደሮች አመሻሽ ላይ ከሸንተረሩ በላይ ቢጫ መብራት ሲንሳፈፍ አይተዋል። እነዚህ የእነዚያ ሰላይ ነው ይላሉ፣ እነዚያ የእነዚህ ነው ይላሉ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ነው ይላል። “እምዬ፣ አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ።

አይቻለሁ አልኳቸው። እዚሁ የካ አባዶ። መብራቱንም አይቻለሁ፣ መብራቱን ያየውን ሰውም አይቻለሁ። ከሁለቱ የሚያስገርመው ሰው ነው።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ያልጣመው ይተወው።

ከተማው እንደ ሊጥ ኩፍ ይል በነበረበት ዘመን ነው። ጉርድ ሾላ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ለሕንፃ ተፈልጎ ፈረሰ፤ ለልጄ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የካ አባዶ ወጣላት። ልጄ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ነበር የምትሠራው። ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፣ ስትመለስ እራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይጥላታል። እኔ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። እግሬ ደግሞ ከጥንትም ቤት አይቀመጥም። ሦስተኛ ፎቅ ተሰቅዬ ግድግዳ ሳይ ከምውል ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣለሁ፤ ሰው ከተገኘ ከሰው፣ ካልተገኘ ከላምም ቢሆን አወራለሁ። ልጄ ማታ “እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ የት ስትዞሪ ዋልሽ?” ትለኛለች። መልሱን ሳትሰማ ታንቀላፋለች።

ጎረቤቶቼ ግን የሚወጡት ወደ ታክሲ ብቻ ነው። በረንዳቸው ላይ ቆመው “እዚህ እኮ ምንም አልነበረም፣ እኛ ነን ያቀናነው” ይላሉ። የቆሙበት መሬት ትናንት ጤፍ ነበረ። ጤፉን ያርሱ የነበሩት ሰዎች የእነሱኑ በር ይጠብቃሉ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ሥር ያለውን የለም ይላል፣ የሌለውን ደግሞ አየሁ ይላል።

ከብሎኮቹ በስተጀርባ አንድ ጋራ አለ። ያን ጊዜ ከተማው በኔ ወሰን ውስጥ ነው ይል ነበር፣ ከወዲያ ያለው የገጠር ወረዳም የኔ ነው ይል ነበር። ከተማው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከለ። ወረዳውም ነጭ ቀብቶ ተከለ። ሁለቱም ዘበኛ አቆሙ። እስኪለይ ድረስ በመካከል ባለው መሬት ላይ ማንም እንዳያርስ፣ ማንም እንዳይቆፍር ተባለ። ዶማ ይዞ የታየ ሰው በከተማው ዘበኞች ዓይን ወረዳው የላከው ነው፣ በወረዳው ዘበኞች ዓይን ከተማው የላከው። ይህ ሁሉ ጠብ የተነሣበት ጋራ ድንጋይና ኮሽም ነው። ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትወጣው።

በሁለቱ ችካሎች መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት፣ እኩያዬ የምትሆን የአገሬው ገበሬ ትኖር ነበር። እርሻዋ ለኮንዶሚኒየሙ ተወስዶ ጎጆዋና ሁለት ላሞቿ ቀርተዋት ለኛ ብሎክ ወተት ታመጣ ነበር። “አካም ጅርታ” እላታለሁ፤ እሷ በአማርኛ ትመልስልኛለች፣ ኦሮምኛዬ ስለሚያስቃት። ስዞር ስዞር ደጃፏ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጠው። ሴት ልጇ ከጋራው ወዲያ ባል አግብታ፣ ግቢ ያለው ቤት ይዛ ትኖራለች። እናቷን ነይ ከኔ ጋር ኑሪ እያለች ስትለምን ዓመት ሆኗታል። እኔም አንድ ቀን፣ እዚህ ከሁለት ዘበኛ መካከል ምን ያስቀምጥሻል ብዬ ጠየቅኳት።

ነገረችኝ። የመጀመሪያ ልጇ ወንድ ነበር። አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሞተ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርምና ባሏ በነጠላ ጠቅልሎ ጋራው ላይ ካለ አንድ ጽድ ሥር ቀበረው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወጥታ ጽዱ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሐውልት የለው፣ መስቀል የለው፤ ምልክቱ ዛፉ ነው።

“ጽዱን ለችካል ቆረጡት” አለችኝ።

እነማን ናቸው አልኳት። እኔ ምን አውቄ፣ ቀይም ነጭም ቀለም ሥሩ ያው እንጨት ነው አለችኝ። ጉቶውንም በኋላ ዶዘር ነቀለው፣ አፈሩን ገለባበጠው። አሁን ቦታው ጠፍቶባታል። መስቀል ሲያልፍ ደግሞ ጋራው ለመንገድ ይቆረጣል ተብሏል። መንገዱ የማን እንደሚሆን እንጂ መቆረጡ አላጨቃጨቀም።

“እሱን ሳልይዝ አልሄድም” አለች። ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ።

ቀን መቆፈር አይቻልም። አመሻሽ ላይ ግን ዘበኞቹ ጅብ ስለሚፈሩ በየወገናቸው ወደ ቆርቆሮ መጠለያቸው ይገባሉ። እሷ ያኔ አጭር ዶማና የእጅ ባትሪ ይዛ ትወጣለች። ብርሃኑ እንዳይጎላ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ትጠቀልለዋለች። ጥቂት ትሄዳለች፣ ትጎነበሳለች፣ ትጭራለች፣ አፈሩን መልሳ ትደለድላለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

ክረምት ነበረ። አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ጋራውን ይጋርደዋል፤ ከብሎክ ሆኖ ለሚያይ ሰው መሬቱ አይታይም። የሚታየው ቀላ ያለ ነገር ብቻ ነው፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ዝቅ ሲል፣ ሲጠፋ።

መጀመሪያ ያየው ምድር ቤት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጠው ጎልማሳ ነው። ቀረጸው፣ ለሰው ሁሉ ላከው። በማግስቱ ኮሪደራችን ገበያ መሰለ። ልጆቹ የመኝታ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ሴቶቹ ሕፃን አዝለው፣ ወንዶቹ እጃቸውን ኪስ ከተው። ባለ ስልኩ ዩፎ ነው፣ ከሌላ ፕላኔት የሚመጣ ነው፣ ፈረንጆቹ ያውቁታል ግን ደብቀውታል እያለ ያስረዳል። ከፎቃችን አንዲት ሽሮ የምትሸጥ ሴት ሰማችውና፣

“ከፕላኔት ተነሥቶ የካ አባዶ ምን ሊሠራ? እኛ እንኳ ከመገናኛ ታክሲ አጥተን እናድራለን” አለችው።

“ዕጣ ወጥቶለት ይሆናላ” አለ አንዱ ከኋላ።

ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ከሳቁ በኋላ ሁሉም እንደገና አንገቱን ወደ ጋራው አሰገገ። እያንዳንዱ ሲያወራው መብራቱ ያድጋል። ሰኞ የብርቱካን ያህል ነበረ፣ ሐሙስ የመኪና ጎማ አክሏል። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ጫማውን አድርጎ፣ ቀን በብርሃን ወጥቶ፣ እስቲ እዚያ ማን ይኖራል ያለ የለም። ማን እንደሚኖር ያውቃሉ እኮ። ጠዋት ወተቷን ጠጥተው ነው የመጡት።

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው ያበደው። ይህ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ባጅ እሑድም ከአንገቱ አያወልቅም። ዩፎ የመሃይም ወሬ ነው አለ። እሱ የደረሰበት ነገር፣ ወረዳው በጨለማ ባለሙያ እየላከ መሬቱን በስውር እያስለካ መሆኑን ነው። ለከተማው አመለከተ። ወሬው ወዲያ ማዶ ሲደርስ ወረዳውም ያንኑ ተናገረ፣ ከተማው በስውር እያስለካ ነው ብሎ። ሁለቱም ዘበኛ ጨመሩ። አመሻሽ ላይ እንዳትነቃነቁ ተባሉ። ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ጅቡንም ብርዱንም ችለው፣ አንዲት ባልቴት ሲጠብቁ አመሹ። ባለ ስልኩ በበኩሉ ሰው እያስከተለ እስከ ግማሽ ጋራ ድረስ ይወጣል። የኮሽሙን ሥር ሁሉ ረጋገጡት።

ደጃፏ ላይ ስደርስ ላሞቹን አልባ ጨርሳ ተቀምጣለች። ዶማው ከአልጋው ሥር ገብቷል። መስቀል እየቀረበ ነው።

“እንግዲህ ቀረ” አለችኝ። እንባ የለ፣ ምሬት የለ። ዝናብ ቀረ እንደማለት።

እኔ ወደ ቤት ስመለስ የተናደድኩት በዘበኞቹ አይደለም፤ እነሱ ለእንጀራቸው ነው። የተናደድኩት በዚያ ሁሉ አፍ ነው። ለነገሩ ከአፍ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አፍ በምን እንደሚጎተት አውቃለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ከልጄ ጋር የታክሲ ሰልፍ ወጣሁ። እኔ የምሄድበት የለኝም፤ ግን የካ አባዶ ውስጥ እንደ ታክሲ ሰልፍ ወሬ የሚያደርስ ነገር አልነበረም። ከፊታችን ባለ ስልኩ ቆሟል፣ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ይሄዳል። ለልጄ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጌ፣ ትናንት መብራቱ ጋራውን ለቆ በኮተቤ በኩል ወዳለው የድንጋይ ካባ ሲወርድ ያየሁ መሰለኝ አልኳት።

ዞር አለ። “እማማ፣ በደንብ አይተውታል?”

“ኧረ እኔ ምን አይቼ፤ ዓይኔም ደካማ ነው” አልኩት።

ይኸው ብቻ። በደንብ አይቻለሁ ብለው ኖሮ ይጠራጠረኝ ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ድንጋይ ካባው ጎረፉ። ዝናብ ሲወቅጣቸው አመሸ። ሲመለሱ በረንዳ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ምንም የለም ብለው ሊሰድቡኝ ነው ብዬ። ባለ ስልኩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣና እጄን ያዘኝ።

“እማማ፣ እርስዎ ባይነግሩን ያመልጠን ነበር። ከሥሩ ሰማያዊ ነው። መስኮት አለው” አለኝ።

ምን ይባላል? የኔ ውሸት መስኮት አልነበረውም። እሱ ነው ያወጣለት። የሽሮዋ ሴት እንኳ፣ ያቺ ነገር የሚገባት ሴት፣ ሦስት ጊዜ ሲዞር አይቻለሁ አለች። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ይሆናል ብላ ልጄ ልትናገር ስትል ተንጫጩባት፤ ቀኑን ሙሉ ከአውሮፕላን ሥር የምትውለውን ሴት፣ አንቺ አውሮፕላን ምን ታውቂያለሽ አሏት።

ሰብሳቢውም አልቀረ። ወረዳው እንደነቃንበት ሲያውቅ ቦታ ቀየረ ብሎ ባጁን እያስተካከለ አስረዳን። ከተማው ዘበኞቹን ወደ ድንጋይ ካባው አዛወረ። ወረዳው ይህን ሲያይ፣ ታዲያ እኛ ለምን እንቀራለን ብሎ የራሱን አዛወረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም የኔ ነው ያላለውን ካባ፣ እኔ በታክሲ ሰልፍ ላይ ስም ስለጠራሁት ብቻ፣ አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ ችካል ተከሉበት። ጠቡም በርትቶ ቀጠለ። ይህን ካየሁ ወዲህ ድንበር የሚባል ነገር ሲወራ ከልቤ አዳምጬ አላውቅም።

የኛው ጋራ ግን ጸጥ አለ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደዚያ አያለሁ። ቀላ ያለችው ብርሃን ጭጋጉ ውስጥ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ዝቅ ትላለች። ከኔ ጋር የሚያይ ሰው የለም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ የሌለውን መስኮት ይፈልጋል። እውነት ለመናገር ሰውን እንደዚያ ጊዜ ንቄ አላውቅም፤ እንደዚያ ጊዜም ተመችቶኝ አያውቅም።

መስቀል ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ወተቱ ቀረ። ጋራውን ወጣሁ። ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ ላሞቹ ታስረው ለመንገድ ተዘጋጅተዋል። ደረቷ ላይ በነጠላ የታሰረ ትንሽ ጥቅል አለ፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ በግራ እጇ ደግፋዋለች።

“አገኘሽው?” አልኳት።

“አገኘሁት” አለችኝ።

ሌላ አልጠየቅኳትም። የአንዷን ላም ገመድ ይዤ እስከ መንገዱ ሸኘኋት። የከተማው ዘበኞች መጠለያ ባዶ ነው፣ የወረዳውም ባዶ ነው። ሹፌር ለምነን ላሞቹን አይሱዙ ላይ ስናስጭን ጥቅሉን ያዥልኝ አላለችኝም። እኔም ልያዝልሽ አላልኩም። ጋቢናውን ከፈቱላትና ገባች፤ ሄደች።

ጎረቤቶቼ ወተቱ ሲቀር የወተቷ ሴት ምን ሆነች ብለው የጠየቁት ከሁለት ቀን በላይ አይደለም። የፓኬት ወተት ጀመሩ። ባለ ስልኩ ያን ቪዲዮ ሱቁ ውስጥ ዓመታት ሙሉ ሲያሳይ ኖረ፤ እኔንም ባገኘ ቁጥር ለደንበኞቹ “ወደ ካባው ሲወርድ መጀመሪያ ያዩት እማማ ናቸው” ይላል። አንገቴን እነቀንቅለታለሁ።

ከዓመታት በኋላ መሞቷን ሰምቼ ለቅሶ ሄድኩ። ልጇ ከድንኳኑ አውጥታ የጓሮዋን አንድ ጥግ አሳየችኝ፤ እናቷ ያን ቀን እንደመጣች እዚያ ነበር የቀበረችው፣ ዙሪያውን ጤና አዳም ተክላበታለች። እንኳን አግኝታ ይዛው መጣች፣ እንኳን አጠገቧ ሆነ ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ።

“እማማ፣ አላገኘችውም እኮ” አለችኝ። “አልነገረችዎትም? ያ ጥቅል አፈር ነው። ጋራው ላይ ከቆፈረችበት ከየቦታው አንድ አንድ ጭብጥ።”