ከብርሃኑ የጎደለው

ደብረ ታቦር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ኳሳር የማስተምረው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ብዘለው ደስ ባለኝ። ነገሩ ከብዶኝ አይደለም። ኳሳር በጣም ሩቅ ያለ የጋላክሲ እምብርት ነው፤ መሃሉ ባለው ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚሽከረከረው ጋዝ ግሎ ያበራል። አጠገቡ ደግሞ እንዲሁ ቢፈልጉት የማይታይ የጋዝ ደመና ይኖራል። ብርሃኑ በዚያ ሲያልፍ ደመናው አንዳንድ ቀለሞችን ይውጣል። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግተን ስናየው፣ ቀለም በጎደለበት ቦታ ጥቋቁር መስመሮች እናገኛለን። ደመናው ከምን እንደተሠራና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

አዲስ አበባ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በእነዚህ መስመሮች ላይ ነበር። ከፀጉር የቀጠነች ጉድለት እንኳ አታመልጠኝም ብዬ እኩራራ ነበር።

አባቴ ጉና ሥር ያለች የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ቤታችን ኔትወርክ ስለሌለው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮረብታው ላይ ወጥተው ይደውሉልኛል። እናቴ ዳገቱን ስለማትችለው መልእክቷን በሳቸው ትልካለች። "እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ልብስ ደርቢ ብላሻለች" ይሉኛል፣ ሁልጊዜ ከሁሉ አስቀድመው።

ጽሑፌን ላቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። "አክስትሽ ደኅና ናት። ወንድምሽ ገብሱን አጭዶ ጨረሰ። በቅሎዋም ደኅና ናት።" እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ የራሴን ወሬ ቀጠልኩ። በሚቀጥለው እሑድ እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። በቅሎዋ እንኳ ስትጠራ እናቴ አልተጠራችም፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።

ጽሑፌን ባቀረብኩ ማግስት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ከተማው ውስጥ ያሉ ዘመዶቻችን ተሰብስበው መጥተው አረዱኝ። እናቴ ሁለት ሳምንት ያህል ታማ ተኝታ ነበር፤ ከተቀበረች አሥር ቀን ሆኗታል። ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ያለችው ራሷ ናት አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች በሕይወት ነበረች። ያኔ ብሰማ በማግስቱ ደርሼ እጇን እይዝ ነበር። ይኸ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አገር ቤት እንደደረስኩ ሐዘኔ ወደ ቁጣ ዞረና አባቴ ላይ ወረድኩባቸው።

"ለምን ዋሹኝ፣ አባ?"

"አልዋሸሁም፣ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "እንዳልነግርሽ አደራ ብላኛለች። ደኅና ናት እንዳልልሽ ደግሞ ካህን ነኝ። እና ስሟን ዘለልኩት። 'እናቴስ?' ካልሽኝ ይነገራት ብዬ፣ የሌላውን ሁሉ ደኅንነት ከነገርኩሽ በኋላ ዝም ብዬ እጠብቅሽ ነበር። አንቺ 'ካርድዎ እንዳያልቅ' ትይና ትዘጊዋለሽ።"