ቆጥ ላይ የከረመችው መለኪያ

ዋሴ ቤቱን የሠራው አለት ፈልፍሎ ነው። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ድብ ባሕር ቆላ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ጥግ፣ ሦስት በጋ ሙሉ ሲጠርብ ከርሞ አለቱን ራሱን የኋላ ግድግዳ አደረገው። የቀሩትን ሦስቱን በድንጋይ አቁሞ ስንጥቁን ሁሉ በጭቃና በጭድ ደፈነ። ብርድ የሚገባበት አጣ። ጎረቤቱ ይግዛው «ዋሴ ሳይሞት ተቀበረ» እያለ ይቀልድበታል፤ ሐምሌ ሲሆን ግን እዚያው ሊሞቅ የሚመጣው ራሱ ይግዛው ነው።

በ1979 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሀብተ ሚካኤል የሚባል ወጣት የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠራ። ሕዝቡ መዋጮ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ባለሙያው ግን የተናገረው ስለ አየር ነው። ከአለትና ከአፈር ራዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ደጅ ከሆነ ነፋስ ይበትነዋል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ይጠራቀማል፤ ለብዙ ዓመት የተነፈሰው ሰው ሳንባው ሊጎዳ፣ በካንሰር እስከ መያዝም ሊደርስ ይችላል አለ።

«ሽታው ምን ምን ይላል?» አለ ዋሴ።

«ሽታ የለውም፣ አባባ።»

«መልኩስ?»

«መልክም የለውም።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«በመለኪያ ብቻ ነው። ሕመሙ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።»

«እንዲህ ያለ ነገር ከዋሴ ቤት በቀር የት ይገኛል!» አለ ይግዛው ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ዋሴ አልሳቀም። እሱ ቀኑን ማሳ ላይ ይውላል። ሚስቱ ደብሪቱ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የፈተለችውም የተኛችውም አለቱን ተደግፎ በተሠራው መደብ ላይ ነው።

ባለሙያው ሲኒ የምታህል ጥቁር የፕላስቲክ መለኪያ ሰጠው። «ቤት ውስጥ ስቀሏት። ሦስት ወር እንዳትነኳት» አለው። ዋሴ በሁለት እጁ ተቀበላት። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣች የመንግሥት ዕቃ መደብ አጠገብ አትንጠለጠልም። ከበሩ በላይ እንግዳ የሚተኛበት ቆጥ አለ፤ እዚያ ሰቀላት። ደብሪቱም ብትወድቅ እንዳትጎዳ ብላ ከሥሯ አጎዛ አነጠፈችላት።

በታኅሣሥ ባለሙያው መጥቶ ወሰዳት። በመጋቢት ውጤቱን ይዞ ተመለሰ።

«ዝቅተኛ ነው፣ አባባ ዋሴ። የሚያሰጋ አይደለም።»

ዋሴ ይግዛውን በስሙ ጠርቶ አስመጣውና «እስቲ ድገምለት፣ ልጄ» አለ። ባለሙያው ደገመለት።

«የሰቀሏት መኝታችሁ ጋ ነው አይደል?» ሲል ጠየቀ ቀጥሎ።

«ምን በወጣኝ! እንግዳ አዋርዳለሁ እንዴ? ቆጥ ላይ ነው እንጂ፣ ከበሩ በላይ።»

ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቆጡንም በሩንም አየ፤ ከዚያ መደቡን አየ። «እንግዲህ የለካነው በሩ አጠገብ ያለውን አየር ነው» አለ። «የመደቡን አናውቅም።»

«የዋሴ እንግዶች ጤነኞች ናቸው ማለት ነው» አለ ይግዛው።

መደቡን ለመለካት ሌላ መለኪያ አልነበረም። ባለሙያው በጀት ከተፈቀደ በሚመጣው ዓመት እንደሚመለስ፣ እስከዚያው ግን ቤቱ አየር ቢያገኝ እንደሚሻል ነግሯቸው ሄደ።

በማግስቱ ዋሴ መዶሻና መሮ ይዞ ከመደቡ ራስጌ ያለውን የጎን ግድግዳ ይነድል ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝቅተኛ ነው አላለህም?» አለች ደብሪቱ።

«የቆጡ ነው። ያንቺ አልተለካም።»

«እስኪለካ ጠብቃ!»

«እስኪለካ ሳትተነፍሺ ትቆያለሽ?»

ድንጋዩ ወደ ደጅ ወደቀ፤ የደባርቅ ነፋስም ሳይጠራ ገባ።

«ብርዱንስ ምን ላድርገው?» አለች ደብሪቱ።

ዋሴ ጋቢውን አውልቆ ሰጣትና ቀዳዳውን ሊያሰፋ መዶሻውን አነሣ።