መንገድ ላይ ላለ ሰው

ባለቤቴ ካረፈ ገና ሦስት ወሩ ነው። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ በቀን ጥቂት መስመር፣ አንዳንድ ቀን ምንም። መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ሞቱ አይደለም። እናቱ ማረፋቸውን እኔ እያወቅሁ፣ እሱ ሳያውቅ፣ የሂውሮንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ስለነዳንባቸው ቀናት ነው።

ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት አልፎ ነበር። የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። እሱ ከፋብሪካው የሳምንት ዕረፍት አግኝቶ፣ ያገለገለች መኪና ገዝቶ፣ ካርታ ዘርግቶ በእርሳስ ማስመር ከጀመረ ወር ሆኖታል። ወጣትነቱን ያሳለፈው አሰብ ወደብ፣ ጭነት ሲቆጣጠር ነው። "ባሕር ካላየሁ ጆሮዬ ይደፈናል" ይል ነበር።

"ሐይቅ እኮ ነው" ስለው፣ "ማዶው የማይታይ ውሃ ሁሉ ባሕር ነው" ይለኛል።

ልንነሳ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ስልክ ተደወለ። የማኅበራችን ሽማግሌ ነበሩ።

"ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ አባባ። ምነው?"

"እስቲ ቁጭ በይ።"

ደሴ ያሉት አማቴ ባለፈው ዓርብ አርፈው በማግስቱ ተቀብረዋል። ወሬው ለሽማግሌው የደረሳቸው ያን ዕለት ጠዋት ነው።

"መርዶው እሁድ ማለዳ ይሁን" አሉኝ። "ሰው ሁሉ ሺፍት አለው፤ ከእሁድ በፊት አይሰበሰብልንም። የአጎቱ ልጅም ከኦታዋ የሚደርሰው ቅዳሜ ማታ ነው።"

"እኛ እኮ ነገ መንገድ ልንወጣ ነው።"

"ይሻላል! ውጡ። ከስልክ አርቂው፣ ቅዳሜ ይዘሽው ተመለሺ። መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ያውም መሪ ለጨበጠ። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅብሽ።"

አገራችን መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ከቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ሞት እንኳ ቅዳሜና እሁድን ይጠብቃል። እስከዚያ አደራው የኔ ሆነ።

ሐሙስ ጎድሪች ስንደርስ ፀሐይ ነበረች። ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ናት፤ ውሃው ከሥሯ ተንጣሎ ተኝቷል። እንደ ባሕር ሞገድ አለው፣ እንደ ባሕር አሸዋ አለው፤ ሽታ ግን የለውም። ያ ሽታ ማጣቱ ነው መጀመሪያ ያስፈራኝ። እሱ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ በእጁ ጨልፎ ቀመሰና ሳቀ።

"ጨው የለውም። ማንም ያላለቀሰበት ውሃ ነው" አለ።

እኔ ወደ ገደሉ ዞርኩ።

በየደረስንበት ከተማ መጀመሪያ የሚፈልገው የስልክ ዳስ ነበር። የእናቱ ጎረቤት ስልክ አላቸው፤ ሲደውል በአጥር ተጣርተው ያመጡለታል። "ባሕር አየሁ ልበላት" ይላል። እኔ አንዴ "አሁን እዚያ ሌሊት ነው፣ ሰው ትቀሰቅሳለህ" እላለሁ፤ አንዴ ራሴን አመመኝ እላለሁ። ያን ዕለት ባደርንበት ሞቴል እሱ ገላውን ሲታጠብ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ከአልጋው ኋላ ጣልኩት።

"ተበላሽቷል" አልኩት።

ትንሽ አየኝና "የፈረንጅም ዕቃ ይበላሻል ለካ" አለ።

ዓርብ ጠዋት ኪንካርዲን ላይ አንድ ሱቅ ገብቶ ሰማያዊ የሱፍ ሻል ይዞ ወጣ። ለእናቱ ነው፤ ደሴ ብርድ ነው። ጥቅሉን ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚከተው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ የደህንነት ቀበቶውን አሰረበት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ትታሰር እንጂ! ፖሊስ ቢይዘንስ?"

ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ከዚያ በኋላ ግን መኪናዋ ውስጥ ሦስት የሆንን መሰለኝ። ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀበቶው ከኋላዬ ሲጥ ይላል፤ ሰው ወንበሩ ላይ ሲመቻች እንደሚያሰማው። መንገዱ ዛፎቹ መሐል ገብቶ ውሃው ሲሰወር፣ ከዚያ ድንገት ከጎናችን ብቅ ሲል፣ እኔ የማየው መስታወቱን ነበር። አንድ ጊዜ ብርቱካን ልጬ ለሁለታችን ስከፍል፣ ለሦስት ከፍዬ አገኘሁት። ሦስተኛውን እጄ ውስጥ ይዤው ብዙ ሄድኩ። ለመብላትም ለመጣልም አልደፈርኩም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ የሚያልቅበት ቶበርሞሪ ደረስን። ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ጎብኚ ይወስዳሉ። መጀመሪያ አንዲት ደሴት ዳር የቆሙትን ድንጋዮች አሳዩን፦ ውሃው ከሥር እየበላቸው ወገባቸው የቀጠነ፣ አናታቸው ላይ ዛፍ የበቀለ፣ ከጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ብቅ ያሉ። ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዚያ ጀልባው ወደ ወደቡ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋና ሁሉም ወደ እግሩ አየ። ከእግራችን ሥር የሰመጠ መርከብ ነበር። ሳንቃው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

እሱ ተንበርክኮ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አደረገ።

"አልበሰበሰም" አለኝ። "ቅዝቃዜው ጠብቆታል። የሞተ አይመስልም።" ቀና ሳይል ደግሞ፣ "ስሚ፣ ከትናንት ጀምሮ ለምንድነው ፊቴን የማታዪው?"

"ፀሐዩ አስቸግሮኝ ነው።"

"ጉም እኮ ነው።"

እኔም አጎንብሼ ሳንቃዎቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የነቃሁት በመርከቦች ማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው። መስኮቱ በጉም ነጭ ሆኗል። አልጋው ላይ ብቻዬን ነኝ። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ወደ ወደቡ ወረድኩ። ውሃውና ምድሩ አይለይም፤ የሚታየው የስልኩ ዳስ ብቻ ነው። እሱ ውስጥ ቆሞ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ያወራል። ፈገግ ብሎ ነበር። እናቱ ካረፉ ሳምንት አልፏቸዋል፤ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?

ወጣና አጠገቤ ቆመ።

"እማዬን አገኘኋት።"

እኔ ከኋላው የተሰቀለውን ስልክ አየሁ።

"ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። እዚህ ያለች ነው የሚመስለው። ላንቺም መልእክት አላት።"

"ምን... ምን አሉ?"

"'አብሽሪ በላት' አለች። 'የያዘችው ከባድ ነው፤ አይዞሽ በላት' አለች።"

አብሽሪ የእሳቸው ቃል ነው፤ የወሎ ሰው አይዞሽ የሚልበት። አልጠየቅሁም። ብጠይቅ አደራዬን አፈርሳለሁ፤ ባምን አብጃለሁ። እስከ ቶሮንቶ ድረስ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ነዳ። ቀበቶው ከኋላ ሲጥ ይላል።

እሁድ ሳይነጋ በሩ ሲንኳኳ ከአልጋ ዘልዬ ወጣሁ። እሱ ቀድሞኝ ነበር። ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ሻሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። በሩን አልቆለፈውም። ሽማግሌው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ሰዎቹ ከኋላቸው ኮሪደሩን ሞልተውታል።

"ልጄ፣ እንግዲህ በርታ..."

"አውቃለሁ አባባ" አላቸው። "ይግቡ። እሷን እንዳይቆጧት፤ አደራዋን ጠብቃለች።"

ከዚያ ፊቱን ሻሉ ውስጥ ቀብሮ ጮኸ። ክንዶቹ ሁሉ ደረሱለት።

ሳልጠይቀው ዓመታት አለፉ። የጠየቅሁት ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ተስፋ መቁረጣችንን ሁለታችንም ካወቅን በኋላ ነው።

"ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?"



"ጎረቤቲቱ ድምፄን ስትሰማ እሪ አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኩን ጣለችው፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም። ጩኸቱ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ትንፋሽ ብቻ። እኔም ስለ ባሕሩ ነገርኳት።"

"መልእክቱስ?"

"መልእክቱ የኔ ነው። አንቺ ተጨንቀሽ ልትሞቺ ነበር።" ዓይኑን ጨፈነ። "ይመስለኛል።"

እሱን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጠራ። ደሴ ያለችው እህቱ ናት። የእሷ መርዶ ለእሁድ ተቀጥሯል፤ የዚያ አገር ሽማግሌዎች ገና አልደረሱባትም። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰማያዊው ሻል ትከሻዬ ላይ ነው።

"ወንድሜስ? ምነው ድምፁ ጠፋብኝ?"

"መንገድ ላይ ነው" አልኳት።

"ወዴት ደግሞ?"

"ውሃውን ዳር ዳሩን። አብሽሪ በያት ብሎኛል።"

 ስልኩን አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም። በመስመሩ ውስጥ ትንፋሽ ይሰማኛል። የእሷ መሆን አለመሆኑን ሳልጠይቅ፣ እሱ ተንበርክኮ ስላየው መርከብ መናገር ጀመርኩ።