የቀይ ጦር አደረጃጀት፣ ከጋርዴና እስከ ፌርፋክስ

ጋርዴና፣ ቅዳሜ ንጋት

ትናንት ማታ ከማኅበራችን ስልክ ተደወለልኝ። ስለ ሶቪየት ምድር ጦር ታሪክና አደረጃጀት ዛሬ በማኅበሩ አዳራሽ ላደርገው የነበረው ንግግር ተሰርዟል። ምክንያቱ «ሰው ቅር ብሎታል» ነው። በወጣትነቴ እዚያው አገር ታንክ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ከረባቴን አሰርኩ።

ጎረቤቴ ሰዒድ የወሎ ልጅ ነው፤ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ይተዳደራል። ሞተሩን አሙቆ ደጅ ይጠብቀኛል።

«ጋሼ ግርማ፣ ካንስል አድርገውት የለ እንዴ? የት ልንሄድ ነው?»

«የተሰረዘው አዳራሹ ነው፤ እኔ አልተሰረዝኩም። ንዳ!»

ፎር-ኦ-ፋይቭ ላይ

በዚህ ሰዓትም አውራ ጎዳናው በመኪና ተጨናንቋል። መጋዘን፣ የጎማ መደብር፣ ቤንዚን ማደያ፤ ዋጋው ከትናንት ዛሬ ጨምሯል። ሰዒድ ሚስቱ የጠበሰችውን ሳምቡሳ አቀበለኝና «ሶ፣ ያ ጦር እንዴት ነው የተደራጀው?» አለኝ። ምነው ባልጠየቀኝ!

ሦስት ታንክ አንድ የመቶ ክፍል፣ ሦስት የመቶ ክፍል አንድ ሻምበል፣ ሦስት ሻምበል አንድ ሻለቃ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በሬጂመንትና በክፍለ ጦር አድርጎ ሞስኮ ይደርሳል። የሠራተኞችና የገበሬዎች ቀይ ጦር ተብሎ ሲቋቋም ከየአዛዡ ጎን ኮሚሳር የሚሉት የፓርቲ ሰው አቆሙ። እኛ ደግሞ በደርግ ጊዜ ከመምህሮቻችን ብሰን ሦስተኛ ሰው ጨመርንበት።

«አዛዡ ያዛል፣ ኮሚሳሩ ይቆጣጠራል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ይሰልላል» አልኩት።

«ታዲያ የሚዋጋው ማነው?»

ሳምቡሳው ትን አለኝ።

ፓልምስ

የማኅበሩ ጸሐፊ የሚኖረው እዚህ ነው፤ የአዳራሹ ቁልፍም እሱ ዘንድ ነው። በቢጃማ ወጣ፤ ዓይኑ ገና አልተገለጠም።

«ጋሼ፣ ሶሪ። ኮምፕሌይን መጥቷል። ባለሱቋ እትዬ ፀሐይ ‹ደርግን ሊያሞግስ ነው› ብለው ሰው አሳድመዋል።»

«ስማ ልጄ! የዚያ ሁሉ የሶቪየት ታንክ ዋና መምሪያ እንኳ አንድ ጊዜ ተሰርዞ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሷል። የእኔ ንግግር ቢሰረዝ ምን ይደንቃል!»

ቁልፉን አልሰጠኝም። እኔም አልለመንኩትም፤ ደጅ መጥናት ድሮም አልወድም። ሰዒድን «ወደ ከሳሼ ውሰደኝ» አልኩት።

ፌርፋክስ

ሱቁ ተከፍቷል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላ፣ የስልክ ካርድ። እትዬ ፀሐይ የዕቃ ካርቶን እየከፈቱ ነው፤ በዕድሜ እኩያሞች ነን። ሰላምታውን አሳጥሬ ገባሁበት።

«ከሰውኛል አሉ።»

«አዎ፣ ከስሻለሁ!» ቀና አሉ። «ወንድሜ ደረጄ የእናንተው ታንክ ውስጥ ነበር። እንደ ዘመተ ቀረ። ሞተ ብሎ የነገረን የለም። እናቴ እርሟን ሳታወጣ አለፈች። እርስዎ ደግሞ ታንክ ሊቆጥሩልን ነው!»

ቢሆንም እዚህ ድረስ መጥቼ ዝም አልልም። የካርቶኑን ክዳን ገንጥዬ የጦሩን አደረጃጀት፣ ከላይ ማርሻሉን፣ ከግርጌ ወታደሩን ሣልኩ።

«ክፋታቸው ብዙ ነው፤ አላሞግስም። ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደራቸው ሲሞት ለቤተሰቡ የሞት ወረቀት ይልኩ ነበር። ታንካቸውን ወሰድን፣ ኮሚሳራቸውን ወሰድን። ያችን ወረቀት ግን አልወሰድንም። ዛሬ ይህንንም ልናገር ነበር።»

እትዬ ፀሐይ ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩት።

«ይህንን የንግግርዎ ምኑ ላይ ነው የሚናገሩት?»

«መጨረሻው ላይ።»

«መጨረሻው ላይ!»

ካርቶኑን ከእጄ ነጥቀው ዘቀዘቁት። ወታደሩ ከላይ ሆነ፣ ማርሻሉ ከሥር።

ወታደሩን በጣታቸው ነክተው «ንግግርዎን ከዚህ ይጀምራሉ» አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ጸሐፊው ዘንድ ደወሉ።

«ቁልፉን ይዘህ ቶሎ ና። ሰዉንም ጥራ። ዛሬ የደረጄ መርዶ ይነገራል።»