ትልቁ መጋዝ ግቢያችን የገባበት ዓመት

አባቴ ዕድሜያቸውን በእንጨት ላይ የፈጁ አናጢ ናቸው። ደብረ ታቦር ከቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ ዳሳቸው ሥር በርና አልጋ ሲሠሩ እያየሁ ነው ያደግሁት። ከዓረብ አገር ስመለስ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ አገኘኋቸው። አብረውኝ የተመለሱት ሱቅ ሲከፍቱ እኔ መላጊያውን አነሳሁ። ሴት ልጅ አናጢ ሆነች ብሎ መጀመሪያ ሰፈሩ ሳቀ፤ በኋላ ለመደውና ወንበር ያዝዘኝ ጀመር።

ዳሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባንድሶ ነበረችን። ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ የተጠመደ ስለት እየዞረ እንጨት የሚሰነጥቅባት ማሽን ናት። ለወንበር እግርና ለስስ ጣውላ ትበቃለች። ከስንዝር የወፈረ እንጨት ሲሰጧት ግን ታቃስታለች፤ ሞተሯ ይግላል፣ ስለቷ ይንጋደዳል። እኔ "ትልቅ እንግዛ" እላለሁ፤ አባቴ እሺ አይሉም። እምቢታቸው ምክንያት ነበረው። ወጣት ሳሉ ተቀጥረው በሚሠሩበት እንጨት ቤት ትልቅ ባንድሶ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወስዶባቸዋል። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ "እንጨቱ ቋጠሮ ነበረው" ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

ነገሩ የለየለት በክረምት ነው። በደብራችን ቅጥር ውስጥ የነበረ ትልቅ ዝግባ በሐምሌ ነፋስ ተገንድሶ ወደቀ። የሴቶች መግቢያ በር ከሥሩ ምስጥ በልቶት ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ገበዙ ከዚያው ዝግባ አዲስ በር እንዲሠራ አሰቡና አባቴን ሊያማክሩ መጡ።

"ግንዱን በሽብልቅ አስፈልጠነዋል፤ ፍልጡ ራሱ ግን ከባድ ነው" አሉ። "እዚህ ሳንቃ አድርጎ የሚያወጣው የለም። ባሕር ዳር ወስደን፣ በሩንም እዚያው ቢሠሩት ይሻላል መሰለኝ።"

አባቴ "እሱ ነው የሚሻለው" ሲሉ ከአፋቸው ነጠቅኋቸው።

"እኔ እሰነጥቀዋለሁ።"

ገበዙ አባቴን አዩ፤ ከዚያም ጥግ ላይ ወዳለችው ማሽን ዞሩ። "በምንሽ ልጄ?"

"ትልቅ እገዛለሁ። እስከ ጥምቀት ይታገሱኝ። ካልሆነልኝ ይውሰዱት።"

ይህን ስል የት እንደሚሸጥ እንኳ አላውቅም ነበር። ገበዙ ጢማቸውን እየዳሰሱ ጥቂት አሰቡ። "በሩ የሴቶች ነው፤ ሴት ብትሠራው ማን ይቆጣል? ይሁን፣ እስከ ጥምቀት" አሉና ተነሡ።

አባቴ እንግዳቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ያን ነገር እኔ ቤት አታስገቢም።"

"አባዬ፣ ትንሿም እኮ ጣት ትቆርጣለች።"

"ትንሿ አስጠንቅቃ ነው። ትልቁ አያስጠነቅቅም።"

"እንግዲያው እኔ እጠነቀቃለሁ" አልኩ።

ብዙ ጠያይቄ አንድ የእንጨት ነጋዴ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለችው ሐሙሲት የተዘጋ እንጨት ቤት ውስጥ አሮጌ ባንድሶ መኖሩን ነገረኝ። በገበያ ቀን ወረድኩ። የባለቤቱ ሚስት ቁልፉን ይዘው መጡ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያ ቤት አልተከፈተም። ማሽኑ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ጎጆ ሠርታለች።

"ወንድ ይዘሽ ብትመጪ ይሻልሽ ነበር፤ ብረት ያታልላል" አሉኝ ሴትዮዋ፣ ከልባቸው አዝነውልኝ።

"ልየው ብቻ" አልኳቸው። ዶሮዋን አስነሥቼ የማሽኑን ገላ በመፍቻ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ፤ አልተሰነጠቀም። የላይኛውን ጎማ በእጄ አዞርኩት፤ ዝገቱን እያራገፈ ዞረ። ሞተሩ ተቃጥሏል፤ እሱን ደግሞ አልደበቁኝም። በዋጋ ተስማማን፤ ከዓረብ አገር ባጠራቀምኩት ከፈልኩ።

ማሽኑን የጫነው አይሱዙ ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ በራችን ሲቆም አዲስ ጣጣ መጣ፦ ማሽኑ በበሩ አይገባም። ገላው አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ፈትቶ ማስገባትም አይቻልም። ጎረቤቶች ተሰብስበው ሁሉም የየራሱን ምክር ሰጠ። ሾፌሩ "እህቴ፣ ወይ አውርጂ ወይ ልመለስ" ይላል። ዲጅኖ አመጣሁና የአጥራችንን ድንጋይ ካብ ማፍረስ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቶቼም ድንጋዩን ይቀበሉኝ ጀመር። ማሽኑን በድብልብል አጣና ላይ እያንከባለልን ስናስገባ አባቴ ከቤት ወጥተው ቆሙ።

"ካቡን ማን ይመልሰዋል?"

"እኔ።"

ተመልሰው ገቡ። ካቡን በሳምንቱ እኔው ካብኩት፤ እሳቸው እንዳያፍሩብኝ ከድሮው አሳምሬ።

የወፍጮ ሞተር የሚጠግን መካኒክ በቤት መብራት የሚሠራ ሞተር ፈልጎ ገጠመልኝ። መጀመሪያ ስናስነሣው አምፖሉ ፈዘዘ፣ ማሽኑ አጓራ፣ ጎማዎቹ ፈጠኑ። ወዲያው ስለቱ ከጎማው ላይ እንደ ጅራፍ ጮሆ ዘለለ። ሁላችንም ሸሸን። መካኒኩ "ይህ ሰው ይገድላል፤ ለቁራሌው ስጪው" ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ከደብሩ በተጫነልኝ የዝግባ ፍልጥ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ምን እንደሚፈሩ ያን ቀን ገባኝ። ሆኖም መፍራቴ ሥራውን ለመተው ምክንያት አልሆነኝም፤ ፍርሃቱን ተቀብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ መከለያውን ፈታሁና ቀጥ ያለ ጣውላ ከላይ እስከ ታች በሁለቱ ጎማዎች ላይ አስጠጋሁ። የታችኛው ጎማ ዘምሟል። ሳወጣው የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። ባሕር ዳር ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ልኩን አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለቱን የሚጋርድ መከላከያና እጄን ከስለቱ የሚያርቅ ረጅም መግፊያ እንጨት ሠራሁ። ባዶውን ደጋግሜ አስነሣሁት። ስለቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ገና ሲቃረብ አንድ ጠዋት የመጀመሪያውን ፍልጥ በአጣና እያንሸራተትኩ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ። አባቴን ጠራኋቸው፤ አልመጡም። ብቻዬን መግፋት ጀመርኩ። ስለቱ ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ ገባ፣ ሰጋቱራው ጫማዬ ላይ ተከመረ። ወደ መሐል ስደርስ ከዳሱ ውጭ የአባቴ ድምፅ ጮኸ፦

"ቀስ! ቋጠሮ ላይ ነሽ!"

ከግድግዳው ጀርባ ቆመው ያዳምጡ ነበር። የመጋዙ ድምፅ መወፈሩን እኔ ልብ አላልኩትም። መግፊያውን አላላሁ፣ መጋዙ ቋጠሮውን በራሱ ጊዜ እንዲበላው ተውኩት። ድምፁ ሲቀጥን ቀጠልኩ። ፍልጡ ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ታየ። ሞተሩን አጠፋሁ። አባቴ ዳሱ አፍ ላይ ቆመዋል።

"እጅሽን አሳዪኝ" አሉ።

ሁለቱንም ዘረጋሁላቸው። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያም ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ግን ሳንቃዎቹን ጥላ ሥር እያነጠፉ፣ እንጨቱ አየር አግኝቶ ሳይጣመም እንዲደርቅ በመሐል በመሐሉ ቀጭን እንጨት ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ጥምቀት ሳይደርስ ግንዱ በሙሉ ሳንቃ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ሳንቃው ሲደርቅ በሩን አብረን ሠራነው፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ። በተሰቀለ ዕለት ገበዙ ከፍተው ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት፣ "አይጮህም" ብለው መረቁን። የሰፈሬ ሴቶች እየተሳለሙት ገቡ። እኔም ተራዬን ጠብቄ ተሳለምኩ።

ዛሬ ፍል ውሃ ካለበት ከወንዛዬ በኩል ሳይቀር ግንድ ይጫንልኛል። መብራት ሲጠፋ ስለት እሞርዳለሁ፣ ሲመጣ እሰነጥቃለሁ። አባቴ አሁንም ማሽኑ ሲዞር ዳሱ ውስጥ አይገቡም። ከውጭ በርጩማቸውን ስበው ይቀመጣሉ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አድርገው።