የአባቴ ትከሻ

ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ጥጥ ሲሸተኝ እናቴ ትመጣብኛለች።

ልጅ ሳለሁ ጣሊያን አርበኛውን አባቴን እያሳደደ ነበር። የጣሊያንን ኬላ ሴት መስሎ እንዲያልፍ እናቴ ቀሚሷን አለበሰችው። ጥጥ ጠቅልላ ዳሌው ላይ አሰረችለት፤ የትከሻውን ስፌት ተርትራ ጨርቅ ቀጠለችበት።

«ዳሌስ ሰጠሁዎ፤ ይህን ትከሻ የት ልደብቅልዎ?» አለችው።

ሳቅሁ። አባቴም ሳቀ። እንስራ አዝሎ በኬላው አለፈ፤ ቀሚሱን ወንዝ ዳር ጥሎ በረሃ ገባ።

እናቴ ቀሚሱን አምጥታ መልሳ ለበሰችው። ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ያስቸግራት ነበር።

«እማዬ፣ ለምን በልክሽ አትሰፊውም?»

«ሲመጡ ይጠብባቸዋል» አለችኝ።

ጣሊያን ወጣ፤ አባቴ አልመጣም። ቀሚሱ አሁን የእኔ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔም በልኬ አልሰፋሁትም።